የደርግ ዘመን ምስክሮቻችን ሳያልፉብን ድምፃቸውን እንቅዳ፦ የድጋፍ ጥሪ

ወገኖቼ ሰላም ለናንተ ይሁን። በደርግ ጊዜ በእምነታቸው ምክንያት የታሰሩ፣ የተገረፉ፣ ከስራ የተባረሩ እናቶችና አባቶችን ቤታቸው ድረስ እየሄድን ምስክርነታቸውን በድምፅና በቪዲዮ እየቀዳን ነው። እስካሁን ከየኪሳችን እያዋጣን ነበር የምንሰራው፣ አሁን ግን ከአቅማችን በላይ ሆነ፣ ለዛ ነው ወደናንተ የመጣነው።

በቅርቡ አንዲት እናት ጋ ሄደን ከአልጋቸው ስር ሻንጣ ጎትተው አንድ ደብተር አወጡልን። ሽፋኑ ላይ "ሒሳብ" ይላል። ስንገልጠው የመጀመሪያው ገፅ እውነትም ማባዛትና ማካፈል ነው፣ ከዛ በኋላ ግን የፊልጵስዩስ መልእክት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእስክሪብቶ ተገልብጧል፣ ፊደሉ ደቃቅ፣ ወረቀት እንዳያልቅባቸው ጠርዙን ሳይቀር ሞልተውታል። ፍተሻ ሲመጣ "የልጄ ደብተር ነው" ይሉ ነበር። ጳውሎስ እራሱ ያንን መልእክት የፃፈው ታስሮ ነው እኮ፣ እሳቸው ደግሞ ላለመታሰር እየደበቁ ገለበጡት። ካሜራውን ልናጠፋ ስንል እጄን ያዝ አድርገው "በጣም ፈርቼ ነበር፣ እሱን እንዳትቆርጡት" አሉኝ። አንቆርጠውም። እኔ እንደሚገባኝ ድፍረት ማለት ይሄው ነው፣ እየተንቀጠቀጡም ቢሆን በማግስቱ ሌላ ምዕራፍ መገልበጥ።

የታላላቆቹን ታሪክ ብዙዎቻችን እናውቃለን። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ከመንበራቸው ወርደው ታሰሩ፣ በ1971 ተገደሉ። የመካነ ኢየሱስ ወንጌላዊት ቤተክርስቲያን ዋና ፀሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከአገር የመውጣት እድል ቀርቦላቸው ምእመኑን በዚህ ቀን ጥዬ አልሄድም ብለው ቀሩ፣ ሐምሌ 21 ቀን 1971 አዲስ አበባ ውስጥ ሰብከው ሲወጡ ታፍነው ተወሰዱ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም ወደ 10 አመት ገደማ ያለ ፍርድ ታሰሩ። የሁለቱም አባቶች አፅም ተገኝቶ በክብር ያረፈው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ነው። አንዱ ኦርቶዶክስ አንዱ ወንጌላዊ፣ አሳዳጃቸው ግን አንድ፣ ለዚህ ነው እኛም ስንቀዳ ቤተክርስቲያን የማንለየው።

የማናውቀው የትንንሾቹን ነው። መሠረተ ክርስቶስ የምትባለው ወንጌላዊት ቤተክርስቲያን በጥር 1974 ስትዘጋ ምእመኗ 5 ሺህ ገደማ ነበር፣ ንብረቷ ተወረሰ፣ መሪዎቿ ታሰሩ፣ ደርግ ወድቆ በሯ ሲከፈት ግን ከ30 ሺህ በላይ ሆኖ ወጣ። እንዴት? በየቤቱ ጥቂት ጥቂት ሆነው እየተሰበሰቡ፣ አንድ ላይ ላለመታየት ተራ በተራ እየገቡ፣ መዝሙሩን በሹክሹክታ እየዘመሩ። ግን ማን ነበር ቤቱን የሰጠው? ማን በር ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር? ጎረቤት ለቀበሌ ሲጠቁም ማን ቀድሞ ነገራቸው? ይሄ ምንም ወረቀት ላይ የለም፣ ያለው በነዚህ ሰዎች ጭንቅላት ውስጥ ነው፣ እነሱ ደግሞ አሁን በሰባና በሰማንያዎቹ እድሜ ላይ ናቸው። ያኔ ተጨንቀው እምነታችንን ትተናል ብለው ፈርመው ከእስር የወጡም አሉ፣ እስከዛሬ የሚያለቅሱ፣ እነሱም መናገር ከፈለጉ እንሰማቸዋለን፣ ማንም እንዲፈርድባቸው አንፈቅድም።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገራችሁ፣ አሁንም ያንገበግበኛል። ማዕከላዊ ታስረው የነበሩ አንድ አባት ሁለት ሰአት ሙሉ አወሩን፣ የቀዳነው በስልክ ነበር፣ መሀል ላይ ሚሞሪው ሞልቶ ቆሟል፣ እኛ አላየነውም። ሌላ ቀን እንደግመዋለን ብለን ቀጠሮ ያዝን፣ ቀጠሮው ሳይደርስ አረፉ። ያለን የመጀመሪያው ግማሽ ብቻ ነው፣ ስለ እስር ቤቱ መናገር ሲጀምሩ ይቆማል።

ስለዚህ የምንፈልገው ደህና የድምፅ መቅጃ ከነማይኩ፣ ቅጂው ሁለት ቦታ እንዲቀመጥ ሁለት ሃርድ ዲስክ፣ የትራንስፖርት ወጪ፣ በኦሮምኛ የሚናገሩትን የሚገለብጥና የሚተረጉም ሰው ክፍያ ነው። ለባለታሪኮቹ ቤት ስንሄድ ባዶ እጃችንን እንዳንሄድም ትንሽ ነገር፣ አንዳንዶቹ ጧሪ የላቸውም። ለኛ የሚከፈል ደሞዝ የለም። አካውንቱ በሶስት ሰው ስም በጋራ የተከፈተ ነው፣ ያለ ሶስቱም ፊርማ ብር አይወጣም፣ ደረሰኙን በየወሩ እዚሁ እንለጥፋለን። ቅጂውም አይሸጥም፣ ባለታሪኩ ወይ ቤተሰቡ እሺ ካለ ለሁሉም በነፃ ይለቀቃል። መርዳት የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ፃፉልኝ፣ 50 ብርም ቢሆን እንዳታፍሩ። ገንዘብ የሌላችሁ ደግሞ እናታችሁን አባታችሁን ጠይቁልን፣ የድሮ ፎቶ፣ ከእስር ቤት የተላከ ደብዳቤ ካለ ስካን አድርገን ዋናውን እንመልሳለን፣ መኪና ያላችሁ አንድ ቀን ብታደርሱን ትልቅ ነገር ነው።

ቀጣዩ ጉዟችን ነቀምት ነው። ሁለት እናቶች እየጠበቁን ነው፣ አንዷ ትላንት ደውለው "ልጄ አይኔ እየደከመ ነው፣ ፎቶዎቹን ማን እንደሆኑ ለይቼ የማሳያችሁ አሁን ካላችሁ ብቻ ነው" አሉኝ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ እንመጣለን ብያቸዋለሁ።