የአባቶቻችን የመቃብር ቤት ከክረምቱ በፊት እንዲከደን የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

በአገር ውስጥና በውጭ የምትኖሩ የደብራችን ልጆች፣ የተከበራችሁ የምሥራቅ ጎጃም ወገኖች፦

በሚያዝያ መጨረሻ በረዶ ቀላቅሎ ሌሊቱን ያደረው ዝናብ የመቃብር ቤቱን ጣሪያ እንዳፈረሰው ሰምታችኋል። ቄሰ ገበዙ አስጠርተውን በማለዳ ስንደርስ ቆርቆሮው ወደ ውስጥ ተደፍቶ፣ ከወደቁት አግዳሚዎች አንዱ የቅኔ መምህራችንን የየኔታን የመቃብር ድንጋይ ለሁለት ከፍሎት አገኘነው። ከጽሑፉ «ዓ.ም.» የሚለው ብቻ ተርፏል፤ ዓመቱ የነበረበት ወገን ደቅቋል።

ስማቸው ከጎጃም አልፎ የተሰማ ብዙ አባቶቻችን የተቀበሩት ከእኛ ርቀው ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1996 ዓ.ም. ሲያርፉ አዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀብረዋል። ከደብረ ኤልያስ የወጡት ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1971 ዓ.ም. ተገድለው አስከሬናቸው ተሰውሮ ከቆየ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም. ነው በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል በክብር ያረፉት። የአንድ ፓትርያርክ መቃብር 13 ዓመት ሳይታወቅ ከቆየ፣ የገጠር ቅኔ መምህር መቃብር ለመጥፋት ስንት ክረምት ይበቃዋል?

በእኛ ቅጽር ውስጥ ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጋር በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ዘምተው የተመለሱ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በዱር በገደል ጠላትን የተፋለሙ አርበኞችና ወንበር ዘርግተው ያስተማሩ መምህራን አርፈዋል። የአርበኛው ታሪክ ቢያንስ በልጅ ልጆቹ አፍ ይነገራል። የየኔታ ነገር ግን የተለየ ነው። ሁለት ቤት (ስንኝ) ካለው ጉባኤ ቃና ከተባለው ቅኔ ጀምሮ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ እያስቆጠሩ ደቀ መዛሙርትን አሳድገው ወደ ጎንደርና ወደ ወሎ የሸኙ እኒህ አባት አንድም መጽሐፍ ጽፈው አልተዉም፤ ቅኔም ለዕለቱ ተዘርፎ ለነገ የማይደገም በመሆኑ፣ በስማቸው በጽሑፍ የቀረ ምስክር ያ ድንጋይ ብቻ ነበር። በየሙት ዓመታቸው ተማሪዎቻቸው መጥተው መወድስ የሚያሰሙትም በእርሱ አጠገብ ቆመው ነው።

«ያለፈው መዋጮ የት ገባ?» ለምትሉን፣ ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ ቅር አንሰኝም፤ ምንም እንኳ አራተኛ ጊዜ የምንመልሰው ቢሆንም። በመጀመሪያው ዙር የተሰበሰበው ገንዘብ የድንጋይ አጥሩን አሠርቷል። ከጣሪያው በፊት አጥሩን ያስቀደምነው ከብቶች እየገቡ መቃብሮቹን ይረግጡ ስለነበር ነው፤ ዛሬም ቢሆን በዚህ አንጸጸትም። ሽማግሌዎችን እየጠየቅን የተቀበሩትን ሰዎች ስም በመዝገብ ያሰፈርነውም ያን ጊዜ ነው፤ ለዚህ ሥራ ከወረቀትና ከቀለም በቀር ወጪ አልተደረገም። ቀብድ ተቀብሎ የጠፋው ግንበኛ ጉዳይ በሽማግሌ ተይዞ ግማሹ ገንዘብ ተመልሷል። በጣሪያው ግን ጥፋቱ የእኛው ነው። ዋጋው ስለቀነሰልን ያልታከመ የባሕር ዛፍ እንጨት ገዛን፤ ምስጥ ውስጡን በልቶት ኖሮ በረዶውን ሊሸከም አልቻለም።

ስለዚህ አሁን የምንሠራው በቱቦላሬ ብረት ነው። ከደኑ ጽድ ቁረጡ የሚሉን አሉ፤ በአባቶች ውግዘት የተጠበቀ ዛፍ የምንቆርጥ አይደለንም። ብረቱና ቆርቆሮው ከደብረ ማርቆስ በአይሱዙ ይመጣል፤ መረሬው አፈር ሰኔ ላይ ከራሰ ግን መኪና ስለማያሳልፍ፣ ገንዘቡ እስከ ግንቦት 30 ካልተሟላ ሥራው እስከ መስቀል ማግሥት ይቆያል። መቃብሮቹ አሁን በሸራ ተሸፍነዋል፤ ሸራውም የተውሶ ነው።

ሐዋርያው «የእግዚአብሔርን ቃል የተናገሩአችሁን ዋኖቻችሁን አስቡ» ያለውን በየዓመቱ በስብከት እንሰማዋለን። ዕድሩ የጉልበት ሥራውን በነፃ ለመሥራት ቃል ገብቷል፤ የቀረው የዕቃ ግዥ ነው።

ገንዘቡ ገቢ የሚደረገው በሰበካ ጉባኤው ስም በተከፈተውና በሦስት ፊርማ ብቻ በሚንቀሳቀሰው የባንክ ሂሳብ ነው። ቁጥሩ በደረሰኞቻችን ጀርባ ታትሟል፤ በጽሕፈት ቤቱ በርም ተለጥፏል። በግለሰብ ስም ወደተከፈተ ሂሳብ ወይም ስልክ፣ የኮሚቴው አባል ቢሆን እንኳ፣ እባካችሁ አትላኩ። በእጅ የምትሰጡም ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትሂዱ። የገቢና ወጪ መዝገቡ በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ ለማንኛውም ምእመን ክፍት ነው። ደግመን እናሳስባለን፦ በሰበካ ጉባኤው ስም፣ በደረሰኙ ጀርባ ባለው ቁጥር፣ እስከ ግንቦት 30።

የየኔታን የዕረፍት ዓመት በትክክል የምታውቁ፣ ወይም ድንጋዩ ከመሰበሩ በፊት ያነሣችሁት ፎቶግራፍ ያላችሁ፣ ቀራጩ አዲሱን ድንጋይ ከመጀመሩ በፊት ለቄሰ ገበዙ አድርሱልን።

የመቃብር ቤቱ እድሳት ኮሚቴ