ስለ እህትህ ዘፈን

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን። በስልክ ብነግርህ ስቀህ ስለምታልፈው ነው መጻፌ።

ባለፈው ለእረፍት መጥተህ ሳለ እህትህ ልብስ እየተኮሰች ያንን ሰው ሁሉ የሚያንጎራጉረውን ዘፈን ከፍታ ነበር። ገባህና «ይሄም ዘፈን ተብሎ!» ብለህ ሳቅክ። መልስ አልሰጠችህም፤ ዘጋችውና መተኮሷን ቀጠለች። ከሄድክ ወዲህ የምትሰማው በጆሮ ማዳመጫ ነው። እኔም ሳልወድ የለመድኩትን ዘፈን ካጣሁት ሰነበትኩ።

ዘፈኑ ድንቅ ነው እያልኩህ አይደለም። ግጥሙ እኔንም አይጥመኝም፤ እዚያው በዚያው የሚሽከረከር ነው። ግን አዝማቹ ለመጨረሻ ጊዜ ሊመለስ ሲል ከበሮው ለአፍታ ዝም ይልና ዜማው ከፍ ብሎ ይገባል። እህትህ እዚያች ጋ ስትደርስ ካውያውን ከልብሱ ላይ ታነሳለች፤ ሁልጊዜ። ያቺን ቦታ ያበጀ ሰው ሥራውን ያውቃል። ሙያውን እያጠናህ ያለኸው አንተ ነህ፤ እንዴት እንዳበጃት መጠየቅ ያንተ ነበር።

የታዘብኩህን ልንገርህ? አንድ ሥራ ሲነሳ፣ እንዴት ተሠራ ከማለትህ በፊት ማን እንደሚወደው ታያለህ። ያቺን ማንም ሳያውቃት በፊት ስታደምጣት የነበረችውን ዘፋኝ እንኳ ሰው ሁሉ ሲወዳት ተውካት። ድምጿ ተበላሸ እንዴ?

ደግሞ አፍህ የማይለየው ሂችኮክ በዘመኑ ሕዝብ የሚጋፋለት የልብ ሰቃይ ፊልም ሠሪ ነበር። ብዙዎች ከአዝናኝነት አያሳልፉትም ነበር፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950ዎቹ ትልቅ ከያኒ ነው ብለው የተሟገቱለት ወጣት የፈረንሳይ ሃያስያን ናቸው። በ1958 የወጣው ፊልሙ «ቨርቲጎ» ያኔ ግማሹ አሞገሰው፣ ግማሹ ነቀፈው፤ በ2012 ሳይት ኤንድ ሳውንድ የተባለው የእንግሊዝ የፊልም መጽሔት ሃያስያንን የዘመናት ምርጥ ፊልም ሲያስመርጥ አንደኛ ወጣ። የጃዝ ሙዚቀኛው ዱክ ኤሊንግተንስ? በ1965 የታላቁ የአሜሪካ ሽልማት የፑሊትዘር የሙዚቃ ዳኞች ልዩ ሽልማት ይሰጠው ቢሉ ቦርዱ እምቢ አለ። የተሰጠው በ1999 ነው፤ ሰውዬው በ1974 ሞቷል።

ሕዝብ የወደደው ሁሉ አንድ ቀን ይከበራል ማለቴ አይደለም። አብዛኛው ይረሳል። አንተና ጓደኞችህ የምታከብሩትም አብዛኛው እንደዚያው።

መጥፎውን መጥፎ አትበል አልልህም። የእህትህ ተከታታይ ድራማ እኔን ያሰለቸኛል፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ሁሉ አስቀድሜ አውቀዋለሁ፤ ይህንንም ፊት ለፊት እነግራታለሁ። እሷም ትከራከረኛለች፣ ታሸንፈኛለችም አንዳንዴ። ግን አብሬያት አይቼ ነው። አንተ ያላየኸውን ፊልም «የተራ ሰው ፊልም» ስትል ተራ ያልከው ማንን እንደሆነ እሷ አይጠፋትም። ደውልላት፤ ይቅርታውን ተወውና ያ ዘፈን የቱ ጋ እንደሚጥማት ጠይቃት።

የላክልኝን ጥቁርና ነጭ ፊልም እስከ ግማሹ አየሁት። ያ ሰውዬ መስኮቱ ጋ ያን ያህል ጊዜ ዝም ብሎ የሚቀመጠው ለምንድን ነው? የምሬን ነው፤ ጻፍልኝ፣ ከዚያ እጨርሰዋለሁ።

እናትህ