የስፖርት መኪና ዋጋ ሲነጻጸር ግብሩ ይለይ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የአዲስ የስፖርት መኪናን ዋጋ ከአገር አገር ለማነጻጸር የተለጠፈውን ቁጥር በምንዛሪ ማባዛት ብቻ ያሳስታል። የጀርመኑ ዋጋ 19 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስን ያካትታል፤ 119,000 ዩሮ የተባለው መኪና ያለ ታክስ 100,000 ነው። ስሌቱ በ1.19 ማካፈል እንጂ 19 በመቶ መቀነስ አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። የአሜሪካው ግን የሽያጭ ታክስን አይጨምርም።

በእኛ አገር ግብር በግብር ላይ ይደራረባል፦ ቀረጡ በመኪናው፣ በመድኑና በማጓጓዣው ድምር፣ ኤክሳይዝ ታክሱ (በተመረጡ ዕቃዎች ላይ የሚጣለው ግብር) ቀረጥ በታከለበት ድምር፣ 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ደግሞ በሁሉም ላይ ይሰላል። ከጅቡቲ እስከ ደብረ ማርቆስ ያለው የጭነት ወጪም አለ። በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ስለተከለከለ፣ እባካችሁ የኤሌክትሪኮቹን ዋጋ ያለ ታክስ አውጡልን።

ከደብረ ማርቆስ፣ ጎጃም