ጭጋጉ እስኪገፈፍ

አዳማ፣ ጥር 26

ለውድ እናቴ፣

እማዬ እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የአዳማ ነፋስ ያው እንደምታውቂው ነው። ትናንት አጥቤ ያሰጣሁትን ነጠላሽን ከገመድ አንስቶ ጎረቤት ግቢ ወሰደው። እትዬ አጣጥፈው መለሱልኝና «እናትሽ መቼ ነው የሚመጡት?» አሉኝ። የዚህ ደብዳቤ ጉዳይም እሱው ነው።

የድምፅ መልእክት እንደማትወጂ አውቃለሁ። ተጽፎ ሲመጣ መነጽርሽን አድርገሽ ሦስት ጊዜ ታነቢዋለሽ። ልጅሽ ማሙሽ ፊደሉን አግዝፎ አትሞ ይስጥሽ ብዬዋለሁ። እሱን የሚነካ ነገርም ስላለበት ሳያነበው እንዲሰጥሽ ነግሬዋለሁ። መቼም ያነበዋል።

እሑድ ማታ ስትደውዪ ከቃልሽ ይልቅ ድምፅሽ አስደነገጠኝ። ልጅሽ «ለሽርሽር የምትሄጂበትን መርከብ ላሳይሽ» ብሎ እዚያ አሜሪካ፣ ኒው ኦርሊንስ፣ ወንዙ ዳር ይወስድሻል። መርከብ የለም። የወንዙ ማዶ እንኳን አይታይም። ሰው ሻንጣው ላይ ቁጭ ብሎ ያንቀላፋል፤ «ልክ የድሮው መናኸሪያ» አልሽኝ። ስትጠይቁ መርከቡ ወንዙ ባሕር የሚገባበት ቦታ ላይ ጭጋግ ይዞት ከሌሊት ጀምሮ ቆሟል ተባላችሁ። አንቺም እዚያው ወሰንሽ። «ገደ ቢስ ነው። የዛሬ ሁለት ሳምንት እኔን አሳፍሮ የት ሊያደርሰኝ ነው? አልሄድም።» ቀጥለሽም «ደግሞ መርከብ ጭጋግ ይፈራል እንዴ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ።

እማ፣ የኔን ሥራ ታውቂያለሽ። ሞጆ ደረቅ ወደብ ተቀምጬ፣ መርከብ በዘገየ ቁጥር የምሰደብ ሰው ነኝ። ደንበኛው ኮንቴይነሩን ይጠብቃል፣ እኔ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን አዘጋጅቼ እጠብቃለሁ፣ መርከቡ ደግሞ የሆነ ቦታ ቆሟል። ስለዚህ ስለ መርከብ መዘግየት ከማሙሽ ይልቅ እኔን ብትሰሚ ይሻልሻል። እሱ የሚያውቀው መዋኛ ገንዳው ስንተኛ ፎቅ ላይ እንደሆነ ነው።

መጀመሪያ ነገር፣ ኒው ኦርሊንስ የባሕር ወደብ አይደለችም። የወንዝ ወደብ ናት። መርከቡ ከከተማው ተነስቶ ባሕሩን እስኪያገኝ የሚሲሲፒን ወንዝ ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ይወርዳል። ከአዳማ አዲስ አበባ ሄደሽ ወደ ሞጆ እየተመለስሽ እንደማለት ነው። ያውም በዝግታ፣ እየተጠማዘዘ። ሰባት ስምንት ሰዓት ይፈጅበታል። ሌላ ቦታ የሚነሳ መርከብ ገመዱን ፈትቶ ብዙ ሳይቆይ ሰፊው ባሕር ላይ ነው። የእናንተው ግን አንድ ሌሊት ሙሉ ወንዝ ውስጥ ነው። ወንዙ ከተዘጋ ሌላ መንገድ የለውም።

ጭጋጉ ከየት መጣ አልሽ? ከፍሪጅ የወጣ የአምቦ ውኃ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጪው እንዴት እንደሚያልበው አስቢ። ሚሲሲፒ ከሰሜን፣ በረዶ ካለበት አገር ነው የሚመጣው። በክረምታቸውና በጸደይ መግቢያ ውኃው ብርድ ብርድ እንዳለው ይደርሳል። ከደቡብ ደግሞ ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ሞቃትና እርጥብ አየር ይነፍሳል። ያ አየር በቀዝቃዛው ወንዝ ላይ ሲያልፍ ያልበዋል። ያየሽው እሱን ነው። ምልክትም ቁጣም አይደለም እማዬ። በየዓመቱ በዚሁ ወቅት የሚመጣ ነገር ነው። በጋቸው ገብቶ ውኃው ሲሞቅ ይቀንሳል። ማሙሽ ዋጋው ረከሰልኝ ብሎ የካቲትን ሲመርጥ፣ ለምን እንደረከሰ ማን ይንገረው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። አዎ፣ መርከብ ጭጋግ ይፈራል። መፍራትም አለበት። ራዳር አለው፣ ሁሉም ነገር አለው። ነገር ግን ያ መርከብ ከእግር ኳስ ሜዳ ሁለት ሦስት እጥፍ ይረዝማል፣ ወንዙ ደግሞ ጠባብ ነው። ሲወርድ ውኃው ከኋላ ይገፋዋል። ፍሬን ያዝ ብትይው አይቆምም። ብቻውንም አይደለም። እህልና ነዳጅ የጫኑ ጠፍጣፋ ጀልባዎች ሃያ ሠላሳ ሆነው እርስ በርስ ይታሰሩና አንድ ገፊ ጀልባ ይነዳቸዋል። ተሳቢ በያቸው፣ ግን ሠላሳ ተሳቢ በአንድ ሞተር። ከተማው አጠገብ ደግሞ አልጀርስ ፖይንት የሚሉት እንደ ክርን የታጠፈ ቦታ አለ። ወንዙ እዚያ ጋ ወደ 60 ሜትር ይጠልቃል። ውኃው ሲሞላ መርከቦቹ በቀይና በአረንጓዴ መብራት ነው የሚተላለፉት፣ ልክ እንደኛ መስቀለኛ መንገድ። እስቲ ይህን ሁሉ በጭጋግ ውስጥ አስቢው።

ደግሞ ወንዙ ላይ መርከቡን የሚመራው ካፒቴኑ ብቻ አይደለም። ዕድሜውን በዚያ ወንዝ ላይ የጨረሰ የአገሩ ሰው ይሳፈራል፣ ፓይለት ይሉታል። እሱም እስከ ባሕሩ አይሄድም። ፓይለትታውን የምትባል፣ የመኪና መንገድ የሌላት፣ በጀልባ የሚደረስባት መንደር አለች። እዚያ ጋ ሌላው ይረከበዋል፣ የወንዙን መጨረሻ የሚያውቀው። አሸዋና ደለሉ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ያንን ክፍል ለብቻ የተማሩ ሰዎች ናቸው። እነዚህ ሰዎች «አይታይም፣ አንሄድም» ካሉ የሚከራከራቸው የለም። የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃም ጭጋጉ ሲብስ ወንዙን ይዘጋዋል።

አባባን አስታወሰኝ፣ ነፍሱን ይማረውና። የአሰብ መንገድ ላይ በነበረ ጊዜ፣ ደሴ የሚያራግፈው ሲኖረው በጣርማ በር ያልፍ ነበር። ጉሙ ከወረደ ዳር ይዞ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ጎማው ሥር ታኮ አድርጎ ይተኛል። ረዳቱ «ጋሼ፣ ቀስ እያልን እንሂድ» ሲለው፣ «መንገዱ ካልታየኝ መንገድ የለም» ይለው ነበር። ይህን ያወራን ስንት ጊዜ ነው! አንቺ ደግሞ ከጓዳ «አቤት ጀግና!» ትይው ነበር፣ እየሳቅሽ።

ስለመጠበቅ ላንቺ ማስተማር አያምርብኝም። ልጅ ሆኜ የማስታውሰው ያንን ነው። አባባ ይመጣል የተባለበት ቀን ያልፋል። በ1990 ጦርነቱ መጥቶ አሰብ ከተዘጋ በኋላ ደግሞ የጅቡቲው ሰልፍ ተጨመረበት። ከሰሉን አመድ አልብሰሽ፣ ወጡን ለሦስተኛ ጊዜ ውኃ ጠብ አድርገሽ ታሞቂዋለሽ። እንጀራው ከላይ እንዳይደርቅ የላስቲኩን ጠርዝ ሌማቱ ሥር ትወትፊዋለሽ። እኔ «መጣ?» ስልሽ «ነገ» ትይኛለሽ። በነጋታውም «ነገ»። አንድ ቀን ስታለቅሺ አይቼ አላውቅም። ጋላፊ ላይ ስንት መኪና እንደተሰለፈ ከተመላሽ ሾፌር ሚስት ትጠይቂና በጣትሽ ቆጥረሽ «ዐርብ ማታ» ትያለሽ። ዐርብ ማታ ያ ክላክስ መታጠፊያው ላይ ይጮሃል። አንቺ ያኔ ኢንተርኔት ላይ ያለውን የመርከብ መከታተያ ሁሉ ታስንቂ ነበር። ዛሬ ለአንድ ቀን ጭጋግ «ገደ ቢስ ነው» ስትዪኝ እኮ ሳቄ መጣ።

በነገራችን ላይ የወንዝ ወደብ ለኛም አገር እንግዳ አይደለም። ጋምቤላ እኮ ወደብ ነበረች። አፄ ምኒልክ በ1902 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ ጋር ከተዋዋሉ በኋላ በባሮ ወንዝ ላይ ተቋቁማ፣ የኛ ቡና በዚያ በኩል ወደ ሱዳን ይሄድ ነበር። ከካርቱም የሚመጡት በእንፋሎት የሚሄዱ መርከቦች የሚደርሱት ግን ውኃው በሚሞላባቸው የክረምት ወራት ብቻ ነው። ውኃው ጎደለ ማለት እስከሚቀጥለው ክረምት ደህና ሁን ማለት ነው። ያንን መዘግየት አስቢው! የኛው አዋሽማ ጭራሽ ባሕር ሳይደርስ አፋር በረሃ ውስጥ ይቀራል።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በይ። እሑድ ያየሻቸው ሻንጣቸው ላይ የተቀመጡት ሰዎች ገና የሚሄዱ ናቸው። እነሱ የሚሳፈሩበት መርከብ ያለፈው ሳምንት ተጓዦችን ይዞ እየተመለሰ ነበር። ባጃጁ ከፖስታ ቤት ካልተመለሰ አንቺ ምን ላይ ትሳፈሪያለሽ? ቢደርስም ወዲያው አይነሳም። ሺህዎቹ ሰዎች በፓስፖርት ቁጥጥር አልፈው ይውረዱ፣ ክፍሉ ሁሉ ይጽዳ፣ የሳምንት ምግብ ይጫን። ከዚያ ነው አዲሱ ሰው የሚገባው። ጭጋጉ ረፋድ ላይ ቢገፈፍ እንኳን፣ ሲጠብቁ ያደሩ መርከቦች ሁሉ ወረፋ ይይዛሉ። ስድስት ሰዓት የቆየ ጭጋግ ሙሉ ቀን የሚበላው በዚህ ነው።

ስለዚህ በዚያ ቀን ኩባንያው በስልክ መልእክት አዲስ ሰዓት ይልካል። ማሙሽ መልእክቱን ሳያይ ከቤት እንዳያወጣሽ። ሻንጣ ላይ መቀመጥ የለም፣ ወገብሽም አይችልም። የግፊት መድኃኒትሽን ትልቁ ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቺ፣ እሱን ወደብ ላይ ይቀበሉሽና ማታ ነው ክፍልሽ የሚያደርሱልሽ። በእጅ ቦርሳሽ ያዥው። ለሳምንት የሚበቃ ሳይሆን ለአሥር ቀን የሚበቃ። ከቆሎሽም ዘገን አድርጊ። ደግነቱ ሁዳዴ ሳይገባ ነው የምትሄዱት፣ ለረቡዕና ለዐርብ «ቪጋን» በያቸው፣ ይገባቸዋል።

መነሻው አንድ ቀን ከዘገየ ኮዙሜል የምትባለውን የሜክሲኮ ደሴት ዘልለው ሊመለሱ ይችላሉ። ውሉ ላይ ተጽፏል፣ አንብቤዋለሁ። የሚመልሱላችሁ የዚያን ወደብ ክፍያ ነው እንጂ የቀረውን ቀን አይደለም። ማሙሽ ይነጫነጫል። አንቺ ምን ገዶሽ፣ ቁጭ ብለሽ ባሕሩን እያየሽ ቡናሽን ትጠጫለሽ። ቡናቸው ግን ቡና አይደለም፣ ቀድሜ ልንገርሽ።

አሁን ወደ ዋናው። የተናደድኩትም በዚህ ነው። መርከቡ ሲመለስ ወንዙን የሚወጣው በሌሊት ነው፣ ጠዋት ከተማው እንዲደርስ። ጭጋግ ደግሞ ሌሊትና ንጋት ላይ ነው የሚብሰው። ልጅሽ ምን አደረገ? ከመርከብ በምትወርጂበት በዚያው ቀን፣ ከቀኑ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ዋሽንግተን አውሮፕላን ቆርጦልሻል። ከዚያ ማታውኑ ወደ አዲስ አበባ። እማ፣ ይሄ ቲኬት አይደለም፣ ሎተሪ ነው። መርከቡ አራት ሰዓት ቢዘገይ የመጀመሪያው በረራ ይሄዳል፣ ሁለተኛው ይከተለዋል። አንቺ ሰባ ዓመት አልፎሽ በማታውቂው አየር ማረፊያ ወንበር ላይ ታድሪያለሽ። እኛም እዚህ ቦሌ ድረስ መጥተን ባዶ በር እናያለን።

ነግሬዋለሁ። «ኧረ ብዙ ጊዜ በሰዓቱ ነው የሚደርሰው» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ብዙ ጊዜ ይደርሳል። ግን እሱ ራሱ እሑድ ዕለት ምን አይቶ መጣ? ለኔ እንቢ ቢል ላንቺ እንቢ አይልም። ቢያንስ በማግስቱ፣ ከተቻለ በሁለተኛው ቀን ያድርገው። የመቀየሪያውን እኔ ከፍላለሁ። ሚጣን አቅፈሽ አንድ ሌሊት ትጨምሪያለሽ፣ ምን ይጎዳል?

ሂጂ እማዬ። ስትሄጂ ማየት እፈልጋለሁ። ዕድሜሽን በሙሉ ሰው ወደብ ሄዶ እስኪመለስ ቤት ሆነሽ የጠበቅሽ አንቺ ነሽ። እስቲ ይሄን ጊዜ እኔ ልጠብቅ። ከሰሉን አመድ አለብሳለሁ፣ ወጡንም አሞቀዋለሁ። ብትዘገዪ በስልኬ መርከብሽን እያየሁ ለእትዬ «ፓይለትታውን ደርሳለች» እላቸዋለሁ።

ቲኬቱ ሲቀየር አዲሱን ቀን ላኪልኝ፤ የቦሌ መኪና የምናገረው እሱን አይቼ ነው። ማሙሽን፣ ሚስቱን፣ ሚጣን ሳሚልኝ።

ልጅሽ

ደግሞ ረስቼው፦ የቁም ሳጥኑን ቁልፍ የት ነው ያደረግሽው? ሽሮው ማሰሮ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት።