ለስምንት ቡድን አንድ ሊንክ

ለኦንላይን መማሪያ ሲስተሙ አቅራቢ ድርጅት
የደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጉዳዩ፦ የቲቶሪያል ክፍለ ጊዜዎች በቡድን እንዲለዩልን ስለመጠየቅ

እንደምን ሰነበታችሁ።

የርቀት ተማሪዎች የስታቲስቲክስ መግቢያ ኮርስ አስተባባሪ ነኝ። 240 ተማሪዎች አሉን። አብዛኞቹ ቀን ሥራ ላይ ስለሆኑ የምናገኛቸው ማታ ነው። ለ240 ሰው በአንዴ ቲቶሪያል አይሰጥም። ማን እንደገባው፣ ማን እንደጠፋበት በምን ይታወቃል? ስለዚህ በ8 ቡድን ከፈልናቸው፤ ለየቡድኑ 30 ተማሪና አንድ አስጠኚ ደረሰ። ትምህርት ሳይጀመር የስም ዝርዝሩን ከነቡድኑ በኤክሴል ልከንላችኋል።

እናንተ የሰጣችሁን አንድ ሊንክ ነው። ለሁሉም።

የመጀመሪያውን ሰኞ ልንገራችሁ። ቡድን 1 እና ቡድን 3 ሰዓታቸው አንድ ነበር። ሁለቱም እዚያው ክፍል ገቡ። ተራቸው ያልሆኑትም ሊንኩን ስላገኙት ገቡ። አንዱ ታክሲ ውስጥ ሆኖ ማይኩን አልዘጋም፤ እኔ ስለ አማካይ ሳስረዳ ረዳቱ «መገናኛ! መገናኛ!» ይላል። በዚህ መሀል የቡድን 3 አስጠኚ ክፍል የተሳሳተች መስሏት ልትወጣ ስትል ስብሰባውን ለሁሉም የሚዘጋውን ነካች። ሁላችንም ተባረርን። በእሷ አልፈርድም። የሁሉም ክፍል አዛዥ አድርጋችሁ የመዘገባችኋት እናንተ ናችሁ።

ስደውል «ብሬክአውት ሩም ተጠቀሙ» ተባልኩ፤ ዋናውን ክፍል ለጊዜው በትናንሽ ክፍሎች መከፋፈያው ማለት ነው። ተጠቀምን። ለአሥር ደቂቃ ውይይት ሸጋ ነገር ነው፤ ለሳምንታዊ ቲቶሪያል ግን አልሆነም። በየሳምንቱ ስም እየጎተትን ስንመድብ 20 ደቂቃ ይሄዳል። መብራት ጠፍቶበት የወጣ ልጅ ተመልሶ ሲገባ ቡድኑን አያገኝም፤ ዋናው ክፍል ውስጥ ብቻውን ቁጭ ይላል። የተሞላው ደቂቃ ሲያልቅ ክፍሎቹ ራሳቸውን ይዘጋሉ፣ ስሌቱ ግማሽ ላይ ይቀራል። የቪዲዮ ቅጂውማ አይነሳ። የተቀዳው ዋናው ክፍል ብቻ ነው። ያመለጣቸው ተማሪዎች ከፍተው ያገኙት 47 ደቂቃ ሙሉ ዝም ብዬ ሻይ ስጠጣ ነው። ለዚያውም በገዛ ዳታቸው።

አንዱ አስጠኚ መሮት በራሱ ነፃ የዙም አካውንት ሞከረ። 40 ደቂቃ ሲሞላ ተቆረጠበት።

የሰዓቱ ነገር ደግሞ አለ። ቲቶሪያሉ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። የእናንተ ሲስተም በአማርኛ የላከው ማስታወሻ ግን «8:00 ሰዓት» ይላል። ቀን ይሁን ማታ አይናገርም፣ በማን አቆጣጠር እንደሆነም አይገልጽም። አንዲት ተማሪ ከሥራዋ አስፈቅዳ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ባዶ ክፍል ስትጠብቅ ቆይታለች። ምን ብዬ ላስረዳት? አማርኛ አቀረብን ካላችሁ ሰዓቱንም በአማርኛ ቁጠሩት።

በመጨረሻ ያቀረባችሁት መፍትሔ ኮርሱን 8 ጊዜ አባዝቶ ለየቅጂው ተጨማሪ ክፍያ ማስከፈል ነው። ይህን አልቀበልም። አንድ ጥያቄ ላይ ስህተት ቢገኝ 8 ቦታ ልናርም ነው? ውጤቱንስ ከ8 ቦታ ማን ይለቅማል?

የምትሠሩበት ሲስተም ሙድል፣ የቪዲዮ ክፍሉም ቢግብሉበተን መሆኑን አውቃለሁ። ሙድል ላይ በየእንቅስቃሴው (በቪዲዮ ክፍሉ፣ በፈተናው) ማስተካከያ ውስጥ የቡድን አሠራር የሚመረጥበት ቦታ አለ። «የተለያዩ ቡድኖች» የሚለው ከተመረጠ ተማሪው ያንኑ ሊንክ ተጭኖ የራሱ ቡድን ክፍል ውስጥ ይገባል፣ የሌላውን አያይም። እኔ አስተባባሪው የፈለግኩትን ቡድን መርጬ ገብቼ ማየት እችላለሁ። የቡድን ዝርዝሩንም ከፋይል ማስገባት ይቻላል፤ ፋይሉ ደግሞ እጃችሁ ላይ ነው። ራሴ እንዳልመርጠው ለእኛ አካውንት ዘግታችሁታል። ለዚህ ነው ሦስት ጊዜ የጻፍኩት፣ ሦስቱንም ጊዜ «ጥያቄዎ ደርሶናል» የሚል መልስ ያገኘሁት።

እባካችሁ ይህን ክፈቱልን፤ ወይም ለእኔ ፈቃዱን ስጡኝና እኔው አስተካክለዋለሁ። አስጠኚዎቹም አዛዥነታቸው በየራሳቸው ቡድን ብቻ ይሁን። ለባከኑት 3 ሳምንታት ከክፍያው ላይ ምን ያህል እንደምትቀንሱ በጽሑፍ አሳውቁኝ።

ቀጣዩ ቲቶሪያል የፊታችን ሰኞ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። በእኛ አቆጣጠር።

ከሰላምታ ጋር
የኮርሱ አስተባባሪ