ኳራንቲን በር ላይ የተሰካ ታግ የከብቱን አገር አይናገርም

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

በድሬዳዋ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚወጣ በግ፣ ፍየልና ሰንጋ ቺፕ ያለው የጆሮ ታግ ይኑረው የሚለውን ሐሳብ እንደግፋለን። የምንከራከረው ታጉ የት ይሰካ በሚለው ላይ ነው። ኳራንቲን፣ ማለትም እንስሳው ከመላኩ በፊት ተለይቶ የሚቆይበት ጣቢያ፣ በር ላይ ከተሰካ፣ እንስሳው ኳራንቲን ገባ ከማለት ያለፈ አይናገርም። ከዚያ በፊት ባቢሌ ተገዝቶ፣ ሌላ ገበያ ላይ ከሌላ መንጋ ተቀላቅሎ፣ በሁለት ሦስት ደላላ እጅ አልፎ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2000 ከእንስሳ ወደ ሰው የሚተላለፈው የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ሳዑዲ ዓረቢያና የመን ሲገባ፣ ከብት እንዳይገባ የተጣለው ዕገዳ የአፍሪካ ቀንድን በሙሉ መታ። በሽታው ያልደረሰበት ወረዳ ከብቱን ለይቶ የሚያሳይበት መንገድ አልነበረውም። ስለዚህ ቁጥሩ ከመጀመሪያው ሽያጭ በፊት፣ በባለቤቱ ቀበሌ ይሰጥ። መንጋው ለክትባት በሚሰበሰብበት ቀን ቢሆን ድካሙ አንድ ነው።

አሰካኩም ቸል አይባል። ቦታው የጆሮው መካከለኛ ሲሶ ነው፤ በሁለቱ የልም አጥንት ሸንተረሮች መሀል፣ የደም ሥሩን በጣት ዳስሶ በማለፍ። ወደ ጫፉ ከሄደ የግራር እሾህ ይዞት ጆሮውን ይተረትረዋል፤ ወደ ሥሩ ከሄደ ታጉ ሥጋውን ጨምቆ ያመግላል። ሹሉ ከጆሮው ጀርባ ይገባል፣ ቺፑ ያለበት ክፍል በውስጥ በኩል ይቀራል። የፒንሳው መርፌ ለእያንዳንዱ እንስሳ አዮዲን ይነከር። ዝንብ በሚበዛበት ወቅት መብሳት ትል መጋበዝ ነው። ጆሮ አጭሩ ጥቁር ራስ በግ ደግሞ ለሰንጋ የተሠራውን ትልቅ ታግ አይችልም፤ ትንሹን ይፈልጋል።

ቺፑ ባትሪ የለውም። ማንበቢያው በ134.2 ኪሎኸርዝ ሲያነቃው ቁጥሩን ይመልሳል፤ በእጅ የሚያዘው ማንበቢያ የሚሠራውም ከስንዝር ብዙም ሳይርቅ ነው። ሁለት ጆሮ አንድ ላይ ከቀረበለት አንዱንም ላያነብ ይችላል፤ አንገት ለአንገት ታስረው የቆሙ ፍየሎችን መቁጠር የሚያስቸግረው ለዚህ ነው። ብረትም ያውከዋል። አይሱዙ ላይ ከተጫኑ በኋላ ከማንበብ፣ ከመጫናቸው በፊት በጠባብ መተላለፊያ አንድ በአንድ ማሳለፍ ይሻላል።

ቁጥሩ 15 አሃዝ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የአገር ኮድ ናቸው፤ የኢትዮጵያ 231 ነው። በ9 የሚጀምር ካያችሁ የአምራቹ ኮድ እንጂ የአገር አይደለም። ቁጥሩ በታጉ ፊት ላይ ይታተም፤ ማንበቢያ የሌለው የቀበሌ ባለሙያ በደብተር ይገለብጠዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው የመዝገብ ሥራ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ከየት ቀበሌ፣ ወዴት፣ መቼ፣ ምን ክትባት የሚለው በየሽያጩ ካልተጻፈ ታጉ ጌጥ ነው። ታግ ወድቆ ሌላ ሲሰካ አዲሱ ቁጥር ከአሮጌው ጋር ይያያዝ፤ አለዚያ ያለፈው ክትባት ሁሉ ይጠፋል። ለብሩሴላ (እንስሳን የሚያስወርድ በሽታ) ምርመራ ደም የሚቀዳበት ብልቃጥ ላይም ያው ቁጥር ይጻፍ፤ ያለዚያ በሽታው የተገኘበት ፍየል የትኛው እንደሆነ ማን ይለየዋል? ቄራ የደረሰ እንስሳ ታጉ ተቆርጦ ቁጥሩ ይዘጋ፣ ሌላ ጆሮ ላይ ተመልሶ እንዳይሰካ።

የታጉን ዋጋ ላኪው ይሸፍን። በጫት ገራባና በማሽላ አገዳ አንድ ሰንጋ የሚያደልብ የሐረርጌ ገበሬ ክፈል ከተባለ፣ እንስሳውን ሳያስመዘግብ በጓሮ ይሸጠዋል።

በእንስሳት ጤና ሙያ የምንሠራ፣ ከድሬዳዋ