ለሞጣዋ እህት ዓለሜ

ባሕር ዳር፣ ኅዳር 6

ይድረስ ለምወድሽ ለእህት ዓለሜ፦

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? አባወራሽ፣ ልጆቹ፣ እማማስ እንዴት ናቸው? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። መንገዱ ሲዘጋ፣ ስልኩ ሲቋረጥ፣ ኋላም ኑሮው ሲያዋክበን ይኸው ድምፃችን ተጠፋፋ። የማጫውትሽ ብዙ ነበር፤ ያ ሁሉ ይቆየንና እንቅልፍ የነሳኝን ነገር ላስቀድም።

ሰሞኑን እህትሽን ገበያ አግኝቻት ስለ አንቺ አወራችኝ። ቀሚስሽ ሁሉ ሰፍቶሻል አለችኝ። ሌሊት ለሽንት ስትመላለሺ ታድሪያለሽ፤ ከራስጌሽ የውኃ ጆግ አይጠፋም፤ ሲጠይቁሽ ደግሞ «የአጨዳ ድካም ነው» ትያለሽ። እህት ዓለም፣ የአጨዳ ድካም ሲያርፉ ይለቃል። በኅዳር ውርጭ፣ ያውም ሞጣ ላይ፣ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ውኃ ውኃ የሚለው ሌላ ነገር ቢኖር ነው። ስኳር ነው ብዬ አልፈርድብሽም፤ እሱን የሚፈርደው ምርመራ ነው። ግን እኔም ከስኳር ጋር መኖር ከጀመርሁ ሰነባብቻለሁና የነገረችኝ ሁሉ የማውቀው ሆነብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቆሽት የሚመነጨው፣ ስኳርን ከደም ወደ ሰውነት የሚያስገባው ኢንሱሊን ሲያንስ፣ ወይም ሰውነት አልታዘዘው ሲል፣ ከምግብ የተገኘው ስኳር ደም ውስጥ ተከማችቶ ይቀራል፤ ሰውነት ግን ይራባል። ኩላሊት የተረፈውን ስኳር በሽንት ሲያስወጣ ውኃውንም አብሮ ይስበዋል። ሽንት የሚበዛው፣ ጥሙም የሚመጣው ከዚህ ነው። የተራበው ሰውነት ስቡንና ጡንቻውን ስለሚያቃጥል ሰው እየበላ ይከሳል። ዓይን ብዥ ይላል፣ ቁስል ቶሎ አይድንም፣ እግር ይደነዝዛል ወይም ያቃጥላል። የድሮ ሰዎች ሽንት ላይ ጉንዳን ሲሰፍር አይተው ያውቁት ነበር። እስከዚያ መጠበቅ ግን አይገባም፤ በብዙ ሰው ላይ ለዓመታት ምንም ሳያሳይ ይቆያል።

«እኔ ቀጭን ነኝ፣ ስኳር የከተማ ሀብታም በሽታ ነው» እንዳትይኝ። ውፍረት ያባብሰዋል እንጂ ቀጭኑንም፣ ገበሬውንም፣ ሕፃኑንም ይይዛል። ደግሞ ሁለት ነገር ትዝ ይለኛል። አባትሽ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ያ የእግራቸው ቁስል ስንት ጊዜ ነው አልድን ብሎ ያሠቃያቸው? የመጨረሻዋ ልጅሽ ስትወለድስ ከ4 ኪሎ በላይ መዝና አዋላጇ አልተገረመችም? በዘር ስኳር መኖሩም፣ ትልቅ ሕፃን መውለድም ቀድሞ ለመመርመር በቂ ምክንያት ናቸው።

ምርመራው ቀላል ነው። ማታ እራትሽን ብዪና ቢያንስ ለ8 ሰዓት ያህል ከውኃ በቀር ምንም ሳትቀምሺ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሂጂ። የደም ስኳርሽ ውጤት ከ100 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) በታች ከሆነ ደህና ነሽ። ከ100 እስከ 125 ከሆነ ወደ ስኳር እያዘነበለ ነው፤ እዚያ ላይ አመጋገብና እንቅስቃሴ ብዙ ሊመልሰው ይችላል። 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራም ከጸና ስኳር ነው። እንዳንቺ ምልክቱ ላለበት ሰው ደግሞ፣ በልቶም ቢሆን 200 እና ከዚያ በላይ ከተገኘ ያው ነው። ማስመለስ፣ የሆድ ቁርጠት፣ የትንፋሽ መፍጠንና መፍዘዝ ከመጣ ግን ጠዋት እስኪሆን አትጠብቂ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይውሰዱሽ።

ከተገኘብሽ ምን ልብላ ብለሽ እንዳትጨነቂ። እንጀራ አልተከለከለም፤ መጠኑ ይቀነሳል፣ ጎመኑ፣ ምስሩና ሽሮው ይበረክታል። የሻይ ስኳርና ለስላሳ ይቅር። ማር የተፈጥሮ ነው እያሉ የሚያታልሉሽን አትስሚ፤ ማርም ስኳር ነው። እኔን የሚከብደኝ ምግቡ ሳይሆን ሰው ቤት መሄድ ነው። የጎጃም ሰው መቼ ይለቅና! «አፈር ስሆን!» ይልሻል፣ ጉርሻው ይከተላል፣ ጠላው ሳያልቅ ይሞላል። እኔ አሁን ገና ስቀመጥ «ስኳር አለብኝ፣ በፍቅር ከሆነ ጎመኑን ጨምሩልኝ» እላለሁ። መጀመሪያ ቅር ይላቸዋል፤ ኋላ ግን ራሳቸው ይጠብቁኛል። አንቺም አትፈሪ፣ በግልጽ ተናገሪ። አረቄውን ግን አደራ! የስኳር መድኃኒት ወስዶ በባዶ ሆድ አረቄ የቀመሰ ሰው ስኳሩ በድንገት ሊወርድ ይችላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ዓይን መጨለም ሲመጣ ወዲያው ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ መጠጣት ነው።

የነቢያት ጾም ሊገባ ነው፤ የአንቺን ጾም አውቀዋለሁ። ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ስኳር የሚያወርድ ኪኒን ወስዶ እስከ 9 ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ መቆየት አደገኛ ነው። ሐኪምሽንም የንስሐ አባትሽንም አማክሪ፤ ቤተ ክርስቲያን በሕመምተኛ ላይ አትጨክንም። ጠበሉንም ተጠመቂ፣ አብሹንም ጠጪ፣ መድኃኒቱን ግን ለአንድም ቀን አታቋርጪ። ጠበል ገብተው ኢንሱሊን የሚያቆሙ ሰዎች ነገር በጣም ያሳዝነኛል፤ እምነትና መድኃኒት ተጣልተው አያውቁም።

እግርሽንም ማታ ማታ እዪው። በባዶ እግር አትሂጂ፤ ሲበርድሽም እሳት ዳር አታሙቂው፤ የደነዘዘ እግር እየተቃጠለ አይታወቀውም።

እህትሽ ማክሰኞ ወደ ሞጣ ትመለሳለችና ይህን ደብዳቤ በእሷ ልኬዋለሁ። ረቡዕ ጠዋት ቁርስ ሳትቀምሺ አብራሽ ትሄዳለች፤ ተነጋግረን ጨርሰናል። የተነገረሽን ቁጥር በወረቀት አጽፊና ያኑ ዕለት ደውይልኝ። ከፍ ካለ መኪና ይዤ እመጣለሁ፤ ለክትትል ባሕር ዳር መምጣት ካስፈለገሽም ቤቴ ቤትሽ ነው። ለአባወራሽና ለእማማ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፣ ልጆቹን ሳሚልኝ።

እህት ዓለምሽ